ብሪጅ ላይ ጨረታው ያልገባው ይጠይቅ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት ያዩ ልጆች "እነዚ ሰዎች ካርታ ይዘው ቁጥር ይጠራራሉ እንጂ አይጫወቱም እንዴ" ብለው ስቀውብን ነበር፣ ከዛ ወዲህ በየቀኑ የሆነ ሰው ስለ ብሪጅ ይጠይቀኛል። ዛሬ ዝናቡ ቤት አስቀርቶኛል፣ ስለዚ ያላችሁን ጠይቁ። ከጀመርኩ አስራ አንድ አመት ሆኖኛል፣ ያስተማሩኝ እስካሁንም ፓርትነሬ የሆኑት ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። ዓመተ ምህረት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንከር እችላለሁ። ብሪጅ ከሱ በምን ይለያል?

ኮንከር ላይ ለራስህ ነው የምትሰበስበው። ብሪጅ አራት ሰው ሁለት ለሁለት ነው፣ ፓርትነርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፣ ጆከሮቹ ወጥተው 52ቱም ይታደላል፣ ለሰው 13። አንዱ ካርታ ይጥላል፣ ሌሎቹ ካላቸው በዛው አይነት ይከተላሉ፣ ትልቁን የጣለ አራቱንም ይበላል፣ ይቺ አንድ ትሪክ ናት፣ በጠቅላላ 13 ትሪክ አለ ማለት ነው። ግን አንድም ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ፣ ስንት ትሪክ እንደምትበሉና የቱ አይነት ትራምፕ እንደሚሆን ተጫርታችሁ ነው የምትወስኑት፣ ትራምፕ ማለት ትንሿ እንኳን የሌላውን አይነት አስ የምትበላ ናት። ጨረታውን የወሰደ ወገን የጠራውን ማምጣት አለበት፣ ካላመጣ ይቀጣል። ልጆቹ የሳቁት እዚ ጋ ነው፣ ለኔ ግን ጨዋታው ግማሹ የሚያልቀው እዛው ነው።

ጥያቄ፦ "ሁለት ስፔድ" ማለት ሁለት ትሪክ ነው?

ስምንት ነው። ሁሌ 6 ይደመርበታል፣ ከ13 ስድስት ልብላ ብሎ ማን ይጫረታል? ስለዚ 1 ሲባል ሰባት ትሪክ፣ 7 ሲባል አስራ ሶስቱንም ነው። ደረጃው ከታች ሲጀምር ክለብ (ሰፈር ውስጥ ፍላወር ሲባል የሰማችሁት)፣ ዳይመንድ፣ ሃርት፣ ስፔድ፣ ከሁሉም በላይ ኖትራምፕ፣ ትራምፕ የሌለበት። 1 ሃርት ተብሎ ከሆነ 1 ስፔድ ማለት ትችላለህ፣ ዳይመንድ ካሰኘህ ግን ወደ 2 መውጣት አለብህ። አንድ ሰው ጠርቶ ከሱ ቀጥሎ ሶስቱ ተከታትለው ፓስ ካሉ ጨረታው ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ ሰባት ደረጃ በአምስት 35 ነው፣ ፓስ፣ ደብል (ተጋጣሚ የጠራውን ክፍያም ቅጣትም ማባዣ)፣ ሪደብል (ደብሉን መልሶ ማባዣ) ሲጨመር 38። ጠረጴዛ ላይ ለፓርትነርህ እንድትናገር የተፈቀደልህ ቃል እነዚ 38 ብቻ ናቸው፣ ማቃሰት የለም፣ ቅንድብ ማንሳት የለም፣ "እንዴ!" የለም። በ38 ቃል ነው እንግዲህ 13 ካርታ የምታስረዳው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው 3 ኖትራምፕ ላይ የሚሮጠው ለምንድነው?

ሂሳቡ ነዋ። ክለብና ዳይመንድ ማይነር ይባላሉ፣ ለአንድ ትሪክ 20 ነው የሚከፍሉት፣ ሃርትና ስፔድ ሜጀር ናቸው፣ 30፣ ኖትራምፕ የመጀመሪያዋ 40 ከዛ በኋላ 30፣ 30። ስድስቱ አይቆጠሩም። የጠራኸው 100 ከሞላ ጌም ነው፣ ካመጣኸው ቦነሱ 300 አለዚያም 500፣ ካልሞላ 50 ብቻ ናት። 3 ኖትራምፕ ልክ 100 ይሞላል በ9 ትሪክ፣ 4 ሜጀር በ10፣ በማይነር መቶ ለመሙላት ግን 11 ትሪክ ያስፈልጋል፣ ስለዚ ሰው ዳይመንድ ሞልቶት እንኳን ኖትራምፕን ነው የሚያየው። 500ው ቫልነረብል ስትሆን ነው፣ እሱ ካርታ በታደለ ቁጥር በተራ የሚመጣ ነገር ነው፣ ብታመጣ ብዙ ብትወድቅም ብዙ፣ ሌላ ጊዜ ለጎደለች ትሪክ 50 የነበረው ቅጣት 100 ይሆናል።

ጥያቄ፦ እጄ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1። ጠቅላላ 40፣ ለሰው በአማካይ 10 ይደርሳል። 12፣ 13 ካለህ ትከፍታለህ (ጨረታውን ትጀምራለህ)፣ ሁለታችሁ 25 አካባቢ ካላችሁ ጌም፣ 33 ከደረሳችሁ 12 ትሪክ፣ እሱ ስሞል ስላም ይባላል፣ 37 ከሆነ ሁሉንም። ቆጠራውን ሚልተን ወርክ የሚባል አሜሪካዊ ነው ያስተዋወቀው፣ በየቤቱ ያስገባው ደግሞ ቻርልስ ጎረን። ግን እባካችሁ ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ፣ ስድስት ስፔድና አምስት ሃርት የያዘ 10 ነጥብ ሁሉም ነገር ተበታትኖ ከተቀመጠ 13 ነጥብ ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ ኮንቬንሽን ኮንቬንሽን ትላላችሁ፣ ምን ማለት ነው?

ሰምና ወርቅ። የእውነት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ፓርትነርህ 1 ኖትራምፕ ብሎ ከፈተ እንበል፣ ብዙ ቦታ ይሄ 15 እስከ 17 ነጥብና የተመጣጠነ (አራቱም አይነት ተቀራራቢ የሆነበት) እጅ ማለት ነው (እንግሊዞች በአኮል አካሄዳቸው 12 እስከ 14 ይላሉ)። አንተ 2 ክለብ አልክ። ሰሙ "ክለብ አለኝ" ነው፣ ወርቁ "አራት ካርታ ያለበት ሜጀር አለህ ወይ?" የሚል ጥያቄ ነው፣ ክለብ ጭራሽ ላይኖርህም ይችላል። እሱ 2 ዳይመንድ ካለ ስለ ዳይመንድ አይደለም የሚያወራው፣ "የለኝም" ነው ያለህ፣ 2 ሃርት ወይ 2 ስፔድ ካለ ግን እዛ አራት አለው። ይሄ ስቴይማን ነው። ሳም ስቴይማን በ1945 ስለጻፈበት ስሙ ለሱ ተሰጠ እንጂ ያወጣው ፓርትነሩ ጆርጅ ራፔ ነው፣ ምስኪን።

ምን ጥቅም አለው ካላችሁ፣ አንተ አራት ስፔድ እሱ አራት ስፔድ ይዛችሁ ሳትተዋወቁ 3 ኖትራምፕ ከገባችሁ አንድ ደካማ አይነት ላይ ይገቡባችሁና ይጠርጓችኋል፣ በ4 ስፔድ ግን ያቺን ቀዳዳ በትራምፕ ትዘጋላችሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እኔና ጓደኛዬ የራሳችንን ሚስጥር ኮድ ብንሰራስ?

ኮድ መስራት ትችላላችሁ፣ ሚስጥር ማድረግ ግን አትችሉም። ቅኔ ላይ ወርቁን የሚቆፍረው ሰሚው ነው፣ ብሪጅ ላይ ተጋጣሚህ ከጠየቀ ወርቁን በእጁ ትሰጠዋለህ። የሚያስረዳው ደግሞ የጠራው ሰው ሳይሆን ፓርትነሩ ነው፣ ያልተለመደ ጥሪ ሲሆን ራሱ "አለርት" ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ከዛ ከተጠየቀ ይናገራል። የጠራው ዝም፣ ፓርትነሩ ተሳስቶ ሲያስረዳ እንኳን ጨረታው እየሄደ ፊቱን ማጨማደድ አይችልም።

እኛ ሀገር ጥንድ ሆነን ካርታ ስንጫወት ጥቅሻ የጨዋታው ቅመም ነው፣ እዚህ ግን ሌብነት ነው። በ1965 ቦነስ አይረስ በነበረው የአለም ሻምፒዮና ሁለት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ካርታ በያዙበት ጣት ብዛት የሃርት ቁጥር ይነጋገራሉ ተብለው ተከሰሱ፣ የአለም ፌዴሬሽኑ ጥፋተኛ ናቸው አለ፣ እንግሊዝ ሀገር የተደረገው ምርመራ ደግሞ ነጻ አወጣቸው፣ ሰው እስከዛሬ ይከራከርበታል። በ1975 የአለም ሻምፒዮና ላይ ጭራሽ በጠረጴዛው መሀል መጋረጃ ነገር አቆሙ፣ ፓርትነርህን አታየውም። ድምጽ ራሱ ስለሚያሳብቅ ነው በቃል መጥራቱ ቀርቶ በካርድ የሆነው፣ አረንጓዴው ፓስ፣ ቀዩ ደብል፣ ሰማያዊው ሪደብል። እኛ የሚሸጠውን ስላላገኘን ከድሮ የሰርግ ጥሪ ካርዶች ቆርጠን በማርከር ሰራን፣ "4 ስፔድ" ስትመዝ ጀርባው ላይ የሙሽሮቹ ቀለበት አለ።

ጥያቄ፦ ትራንስፈር ምንድነው? ሁሌ ይምታታብኛል።

እኔንም መትቶኛል፣ ቆይ ልንገርህ። ፓርትነርህ 1 ኖትራምፕ ሲከፍት አንተ 2 ዳይመንድ ካልክ "አምስት ወይ ከዛ በላይ ሃርት አለኝ፣ አንተ 2 ሃርት በል" ነው፣ 2 ሃርት ካልክ ደግሞ ስፔድ ነው፣ ሁሌ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ነው የምታስጠራው። ኦስዋልድ ጃኮቢ በ1956 የጻፈበት ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው፣ አንዱ ጠንካራው እጅ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ያንን አይነት የጠራው ሰው ነው የሚጫወተው፣ የፓርትነሩ ካርታ ደሚ ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለሁሉም ይታያል። ሁለተኛ፣ እሱ 2 ሃርት ካለ በኋላ ተራው ተመልሶ አንተ ጋ ስለሚመጣ ደካማ ከሆንክ ፓስ ብለህ ትዘጋለህ፣ ካርታ ካለህ ትቀጥላለህ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እየተጫወትን 16 ነጥብ ይዤ 1 ኖትራምፕ ከፈትኩ፣ ጋሼ ቀለበት ያለባትን 2 ዳይመንድ አወጡ፣ እኔ ሀሳቤ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር፣ ፓስ አልኩ። ፓስ! ዳይመንድ የጠሩት እሳቸው ስለሆኑ የኔ እጅ ደሚ ሆኖ ተዘረጋ፣ እሳቸው ጋ ያለው ደግሞ ስድስት ሃርት እስከ ኪንጉ፣ 10 ነጥብ፣ ዳይመንድ አንዲት 4 ቁጥር ብቻ። እኔ ጋ ያለው ዳይመንድ ሁለት ነው፣ ማለት ሶስት ትራምፕ ይዘን አስር ትራምፕ ካላቸው ሰዎች ጋር ገጠምን። ስምንት ትሪክ ጠርተን አራት በላን፣ 200 ተቀጣን፣ 4 ሃርት ብንጠራ ግን በሰላም ይገባ ነበር። ጋሼ ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ካርታውን ወደኔ ገፋ አድርገው "በውዝ" አሉኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ትራንስፈር ረስቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ነው የምጫወተው፣ ደብል ሲል ቅጣት ይሁን ሌላ አይገባኝም፣ ቤት ውስጥ ሊያጣላን ነው።

እህቴ በዚህ የተጣላችሁ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ደብል ሁለት ነገር ነው። ተጋጣሚ 1 ስፔድ ብሎ ከፍቶ አንቺ ገና ምንም ሳትጠሪ እሱ ደብል ካለ "ስፔድ የለኝም ማለት ይቻላል፣ የመክፈቻ ነጥብ ግን አለኝ፣ ከቀሩት ሶስቱ የሚሻልሽን ጥሪ" ነው፣ ቴክአውት ይባላል፣ 0 ነጥብ ብትይዢ እንኳን መጥራት አለብሽ (ግዴታው የሚነሳልሽ መሀል ላይ ሌላኛው ተጋጣሚ ከጠራ፣ ወይ ራስሽ ጠንካራ ስፔድ በብዛት ይዘሽ ይቀጡ ካልሽ ነው)። ተጋጣሚ 4 ስፔድ ወይ ከዛ በላይ ወጥቶ ደብል ሲል ደግሞ ባብዛኛው "አያመጡትም፣ ይቀጡ" ነው። የትኛው ደረጃ ላይ ቴክአውቱ አብቅቶ ቅጣት እንደሚጀምር ዛሬ ማታ እራት ላይ ተነጋገሩ፣ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ብላክውድስ?

የሰው ስም ነው፣ ኢዝሊ ብላክውድ፣ 1933። ትራምፕ ከተስማማችሁ በኋላ 4 ኖትራምፕ ስትል "ስንት አስ አለህ?" ነው። 5 ክለብ ምንም ወይም አራቱም፣ 5 ዳይመንድ አንድ፣ 5 ሃርት ሁለት፣ 5 ስፔድ ሶስት። አሁን ብዙ ሰው የትራምፕን ኪንግ እንደ አምስተኛ አስ የሚቆጥረውን ነው የሚጫወተው፣ ለጀማሪ ግን አሮጌው ይበቃል። ዋናው ነገር ብላክውድ ስላም እንድትገባ አይነግርህም፣ ሁለት አስ ጎድሎ እንዳትገባ ነው የሚጠብቅህ። ነጥቡ ሳይኖረው ለማወቅ ጓጉቶ 4 ኖትራምፕ የሚል ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ለምንም ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ሰላሳ ገጽ የኮንቬንሽን ዝርዝር ፕሪንት አድርጌያለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ሃያ ስድስቱን ገጽ ለቡና ከሰል ማቀጣጠያ አድርገው። ስቴይማን፣ ትራንስፈር፣ ቴክአውት ደብል፣ ብላክውድ፣ በቃ። አምስተኛውን የምትጨምረው እነዚ እንቅልፍ ላይ ሆነህም ሲመጡልህ ነው። ሁለታችሁ እኩል የማታስታውሱት ኮንቬንሽን እኮ ከሌለው ይብሳል፣ የኔን 2 ዳይመንድ አስታውስ።

ጥያቄ፦ አራት ሰው ማግኘት አልቻልኩም።

ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን በስልክ በነጻ አለ፣ ከሮቦት ጋር ተለማመድ፣ እያንዳንዱን ጥሪ ስትነካው ትርጉሙን ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ በቀኜ ያለው ተጋጣሚ 1 ስፔድ ብሎ ከፈተ። እኔ ጋ ስፔድ ኪንግ ጃክ 9 7 3፣ ሃርት አስ 4፣ ዳይመንድ ኩዊን 8 2፣ ክለብ ኪንግ 6 5። 13 ነጥብ ነው፣ ደብል ልበል?

ፓስ። ደብል ብትል "ስፔድ የለኝም፣ ሌላ ጥራ" ነው የምትለው፣ አንተ ደግሞ ያለህ ስፔድ ነው፣ ፓርትነርህ በሁለት ሃርትህ ላይ ሃርት ይጠራና ጉድ ይፈላል። ለ1 ኖትራምፕም እዚ ጋ 15 ነጥብ ያስፈልጋል። እጅህ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳታስብበት፣ በእኩል ፍጥነት ፓስ በል። በግራህ ያለውም ፓስ ካለና ፓርትነርህ ደብል ካለ ያኔ አንተ በድጋሚ ፓስ ትላለህ፣ አምስት ትራምፕህን ይዘህ በደብል ይጫወቱልሃል።