ኬንያ ሄዶ ስንዴ መሞከር ለአባቴ ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አባቴ ባሌ ውስጥ ስንዴ ያመርታል። በ2006 ዓ.ም. ዲገሉ የሚባለውን ዝርያ ዘርቶ ዋግ ጨረሰበት። ከዚያ ወዲህ ዘር ሲመርጥ ይሰጋል። ተመራማሪዎቻችን ዝርያ የሚያስፈትኑት ኬንያ ድረስ ሄደው ነው ሲባል ሰማሁ። አርሲና ባሌ እያለ እዚያ ምን ያስኬዳል? ለገበሬውስ ምን ጠብ ይልለታል?

መልስ፦ በመጀመሪያ አባትዎን አይዞዎት ይበሉልኝ። የዚያ ዓመት ጉዳት የእሳቸው ጥፋት አልነበረም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ሲያጠቃው ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ የዞረው ይቋቋማል ተብሎ ነው፤ ደግሞም ይቋቋም ነበር። ግን ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ መጣና ዲገሉን ለይቶ መታው።

ኬንያ የሚያስኬደውም ይኸው ነው። ዋግ በነፋስ በሚሄድ ብናኝ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ነው። ለምሳሌ ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ ታየ፣ በ2003 እኛ ጋ ተገኘ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን ደረሰ። እዚህ ቁጭ ብሎ የራስን ማሳ ብቻ መጠበቅ አያዋጣም። ኬንያ ውስጥ ንጆሮ በሚባል ቦታ የብዙ አገር ስንዴ በሽታው እንዲያገኘው ሆን ተብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። እዚያ የወደቀ ዘር አባትዎ ማሳ ላይ ከመውደቁ በፊት ተለየ ማለት ነው፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ደግሞ እኛም ተቀባይ ብቻ አይደለንም። ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ስንዴ ከሌሎች አገሮች ደብረ ዘይት መጥቶ ይፈተናል።

ሥራውን የመከፋፈል ነገርም ተሞክሯል። በዓለም ባንክ ብድር በተሠራ አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ስንዴን፣ ኬንያ የወተት ላምን፣ ታንዛኒያ ሩዝን፣ ዩጋንዳ ካሳቫን ይዘው ነበር። የእኛ ማዕከል አርሲ ያለው ቁሉምሳ ነው። አራቱም አገር ሁሉንም ከሀ ጀምሮ ከሚደክምበት ይህ በጣም የተሻለ ይመስለኛል።

ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩ ዝርያ ይወጣል፣ ግን ዘሩ በበቂ መጠን ተባዝቶ ገበሬው ቤት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፣ ዋጉ ግን በዚህ መሀል አይቆምም። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ለአባትዎ የምለው፦ ማሳውን በሙሉ በአንድ ዝርያ አይሸፍኑ፣ ዲገሉ ብቻውን ባይሆን ኖሮ ጉዳቱ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ስንዴው ዛላ ሊያወጣ ሲል ግንዱን በየሳምንቱ እየገለጡ ይዩት። እጅ ላይ የሚቀር የሸክላ መልክ ያለው ብናኝ ካዩ በዚያው ቀን ለልማት ባለሙያው ይንገሩ። ፀረ-ፈንገስ የሚሠራው ሳይስፋፋ ሲረጭ ነው። ዘር ሲገዙም ዝርያው የወጣበትን ዓመትና አሁን በአካባቢያቸው ያለውን ዋግ መቋቋም አለመቋቋሙን ይጠይቁ።