ካሜራው ጥላ እያየ ነው መኖ የሚለቀው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ልጄ ከመኖ ገንዳው በላይ ካሜራ ሰቅሎልኛል። ገንዳው ባዶ ሲሆን ካሜራው አይቶ ሞተሩን ያስነሳል፣ መኖው ከቋቱ በቱቦ ይወርዳል። ባዶ መሆኑን የሚያውቀው የቆርቆሮው ወለል ሲያብለጨልጭ ነው ብሎኛል። ክረምቱን በደንብ ሠራ። አሁን ግን ግራ ገባኝ። ገንዳው ሞልቶ እያለ ይለቃል፣ ባዶ ሆኖ ደግሞ ዝም ይላል። ልጄ በየሁለት ቀኑ ያስተካክለዋል፣ አንድ ቀን ደህና ይውልና ተመልሶ ያው ነው። እንቁላሉም ቀንሷል። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ይሆን? የተሻለ ልግዛ ወይስ ነገሩን ልተወው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ገንዘብዎን ይያዙት። ካሜራ አይግዙ። ነገሩንም አይተዉት፤ ልጅዎ የሠራው ሥራ ጥሩ ነው፣ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘችው «ክረምቱን በደንብ ሠራ» የምትለዋ ነች። ክረምት ላይ ሰማዩ ደመና ነው። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተመሳሳይ ሆኖ ይመጣል፣ ጠንካራ ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለካሜራ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ደመናው ሲገፈፍ ግን ፀሐይ በዶሮ ቤቱ ሽቦ በኩል በጎን ትገባለች፣ ገንዳው ላይ ግማሹን አብርታ ግማሹን ጥቁር ታደርገዋለች። ካሜራዎ አልተበላሸም። የሚያየው ነገር ነው የተቀየረው።

እንዴት እንደሚሳሳት ላስረዳዎት። ካሜራ መኖ አያውቅም፣ ቆርቆሮም አያውቅም። ለእሱ ምስል ማለት የነጥቦች ክምር ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር አለው፤ 0 ድቅድቅ ጥቁር፣ 255 ነጭ። ልጅዎ ያደረገው፣ እንደምገምተው፣ ወለሉ አካባቢ ያለው ቁጥር ከአንድ ልክ ካለፈ «ባዶ ነው፣ ልቀቅ» ማለት ነው። አሁን ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስትገባ መኖው ላይ አንድ የብርሃን ሰንበር ይወድቃል። ቢጫው መኖ ይፈካል፣ ቁጥሩ ልኩን ያልፋል። ካሜራው «ቆርቆሮው አብለጨለጨ» ይላል፣ መኖ ይለቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶው ወለል የግድግዳው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ አያብለጨልጭም፣ ስለዚህ «ሞልቷል» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ጥፋቶች ምንጫቸው አንድ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ካሜራዎች ብርሃኑን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ፣ ጥግ ላይ ደማቅ ፀሐይ ሲያዩ የቀረውን ምስል በሙሉ ያጨልሙታል። ማንም ገንዳውን ሳይነካው ቁጥሩ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ይህን በነጻ ማረጋገጥ ይችላሉ። ነገ ጠዋት ገንዳው ሞልቶ እያለ ሞተሩ ሲነሳ ሰፊ ካርቶን ይያዙና ገንዳው ላይ የወደቀውን ፀሐይ ይከልሉ። ካሜራውን እንዳይጋርዱት ብቻ ይጠንቀቁ። ሞተሩ ካቆመ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ፣ ልጅዎንም እርስዎንም። ነገሩ በተበላሸ ቁጥር ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ካሜራው «ባዶ ነው» የሚልበትን ልክ፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ይህን በጣም ብዙ ቦታ አያለሁ። ጠዋት ያስቸገረውን ለማስተካከል ልኩን ከፍ ያደርጉታል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ማየት ያቆማል። ዝቅ ያደርጉታል፣ ጠዋት መኖ ያፈሳል። ለጠዋትም ለማታም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፣ ስለዚህ ፍለጋው አያልቅም፤ በመሐል የሚራቡት ዶሮዎቹ ናቸው። ፕሮግራሙን ከመነካካት በፊት ካሜራው የሚያየውን ነገር ግልጽ ማድረግ ይቀድማል።

ወደ መፍትሔው። ገንዳው ወለል ላይ ካሜራው ሊሳሳትበት የማይችል ምልክት ያኑሩ። መኖ ሲኖር ይሸፈናል፣ መኖ ሲያልቅ ይገለጣል። ምልክቱን በቀለም አይቀቡት፤ ዶሮዎች ሲጭሩና ሲለቅሙ ይልጡትና ከመኖው ጋር ይበሉታል። ፕላስተርም በሁለት ቀን ነው የሚነቅሉት። ከግንባታ የተረፈ የሴራሚክ ስብርባሪ ይፈልጉ፣ ጥቁርና ነጭ። የማያብለጨልጭ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ካላገኙ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ያደብዝዙት።

በ5 ሳንቲ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር የተቆረጡ 5 ቁራጮች ይበቃሉ። በገንዳው ርዝመት በአንድ መስመር ይለጥፏቸው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይያዙት። ነጭ ጥቁር ነጭ ጥቁር እያሉ እኩል ቢደረድሩት የሽቦው ጥላም እንደዚያው ነጭ ጥቁር እየተፈራረቀ ስለሚወድቅ ካሜራው ሊምታታበት ይችላል። መሐል ላይ ሁለት ጥቁር አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ጥላ በቀላሉ አያስመስለውም። በቁራጮቹ መሐል ያለውን ክፍተት በማጣበቂያው ሞልተው ያስተካክሉት፣ የመኖ ብናኝ እዚያ ተቀብሮ እንዳይሻግት። ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅም መኖ አያስገቡበት።

ቦታው ደግሞ የገንዳው ወገብ ላይ ይሁን። መኖው የሚወርድበት ቱቦ ሥር ከሆነ ሁልጊዜ ክምር ስለሚኖር መቼም አይገለጥም። ጥግ ላይ ከሆነ ደግሞ መኖው ሳይደርሰው ይቀርና ሞተሩ እየለቀቀ መሐሉን ያትረፈርፈዋል።

ቀለሙ ለምን ጥቁርና ነጭ ብቻ ካሉኝ፣ ምክንያት አለኝ። አንዳንዶች ቀይ ያደርጉታል፣ ይታያል ብለው። ብዙ ካሜራዎች ሲመሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ምስል ስለሚቀየሩ ቀይነቱ ይጠፋል። ዶሮም ቀይ ነገር ስታይ መንቆሯ አያርፍም።

ለልጅዎ የሚነግሩት ይኸው ነው፦ «ወለሉ ምን ያህል ብሩህ ነው?» ብሎ መጠየቁን ይተው። «አምስቱ ካሬዎች በዚህ ቅደም ተከተል ይታያሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እያንዳንዱን ካሬ ከጎረቤቱ ጋር ያወዳድር። ጥላ ሲወድቅ ነጩም ጥቁሩም አብረው ይጨልማሉ፣ ግን ነጩ ከጥቁሩ ይበልጥ ብሩህ መሆኑ አይቀርም። ጠዋትም ማታም የማይለወጠው ይህ ልዩነት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስተምራለሁ ብሎ በሺህ የሚቆጠር የገንዳ ፎቶ መሰብሰብ ሊያምረው ይችላል፣ ወጣት ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ለዚህ ሥራ ግን አምስት የሴራሚክ ቁራጭ ይበቃዋል። ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበበውን ባለ ጥቁርና ነጭ ካሬ ምልክት) ልለጥፍ ካለም እንዲህ ይበሉት፦ ኪውአር የተሠራው ሲቆሽሽና ሲቀደድ እንዲነበብ ነው፣ ከፍተኛው ደረጃ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽም ይነበባል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። መኖ ትንሽ ሲሸፍነው «አይታይም» እንዲል ነው የምንፈልገው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ የዶሮዎቹ ጭንቅላት። ገንዳው ባዶ ሲሆን ተሻምተው ጎንበስ ስለሚሉ ምልክቱን ይሸፍኑታል። ስለዚህ «ለአንድ ደቂቃ ሳይቋረጥ ከታየ» የሚል ሕግ አይሠራም፣ መቼም ሳይቋረጥ አይታይም። በየ3 ሰከንዱ አንድ ምስል ያንሳ፣ በደቂቃ 20 ይሆናል። ከ20ው በ8ቱ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ከታየ ይልቀቅ። መኖ ካለ አንድም ጊዜ ሙሉውን አያየውም። 8 የምትለዋ መነሻ ነች፣ ሁለት ቀን አይቶ ያስተካክላት። ይቺን ማስተካከል አልከለክለውም።

ሁለተኛ 5 ቁራጭ ደግሞ ከገንዳው ጀርባ፣ ዶሮ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፣ በካሜራው ምስል ውስጥ እንዲገባ አድርገው። ይህ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ሌንሱ አቧራ ከያዘ፣ ሸረሪት ካደራችበት፣ ካሜራው ከዞረ፣ ይህኛው ምልክት ይጠፋል። የግድግዳው ምልክት ለ10 ደቂቃ ካልታየ ስልክዎ ላይ ይደውልልዎት። እስከዚያ ድረስ መኖውን በእጅ ይስጡ። ያለዚህ ካሜራው ታውሮ ዝም ማለቱንና ገንዳው ሞልቶ ዝም ማለቱን የሚለዩበት መንገድ የለዎትም። የዶሮ ቤት አቧራ ከባድ ነው፤ ሌንሱን በየሁለት ሦስት ቀኑ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ሲመሽ ደግሞ መብራት እስኪበራ ሞተሩ ጭራሽ እንዳይነሳ ይዘጋ፣ ዶሮ በጨለማ አትበላም።

መጠኑን ይገድቡት። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። 200 ካሉዎት በቀን ከ22 እስከ 24 ኪሎ ነው። ሞተሩን ለ10 ሰከንድ ባልዲ ውስጥ ያስለቅቁና ይመዝኑት። ለምሳሌ 1 ኪሎ ከሆነ የቀኑ መኖ በሙሉ የ4 ደቂቃ ሥራ ነው ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚለቅና በቀን ከስንት ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ፕሮግራሙ ውስጥ ይግባ። ገንዳውንም ከሲሶ በላይ አያስሞሉት፣ ከዚያ ሲያልፍ በመንቆራቸው እየጠረጉ መሬት ላይ ይበትኑታል።

ፀሐዩን ለመከለል ከፈለጉ ገንዳው ያለበትን አቅጣጫ ብቻ በጆንያ ይጋርዱ። ቤቱን በሙሉ እንዳያጨልሙት። ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፣ ካሜራውን እናስተካክል ብለን እንቁላሉን ይበልጥ እንዳናሳንሰው።

ስለ እንቁላሉ ያነሱት፣ ከሰዓት በኋላ ገንዳው ባዶ ሆኖ ካሜራው ዝም የሚልባቸው ሰዓታት ናቸው ዋናው ጥርጣሬዬ። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ያለ ልክ የፈሰሰው መኖ ከሥር ተጠቅጥቆ ይቆያል። ዛሬውኑ ገንዳውን እስከ ወለሉ ያውጡት። ከሥር የተጋገረ፣ እርጥብ የሆነ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ካገኙ ይጣሉት፣ ለሌላ ከብትም አይስጡት። የሻገተ መኖ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ውኃቸውንም ይዩ፤ ዶሮ ከመኖ ይልቅ ውኃ ሲቋረጥባት ነው ቶሎ እንቁላል የምታቆመው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ስለማይመለስ በሁለተኛው ቀን ተስፋ አይቁረጡ።

ሴራሚኩን ለጥፈው ሲጨርሱ ካሜራው ያነሳውን ምስል ስልክዎ ላይ ይክፈቱት። ሳያጎሉት አምስቱን ካሬዎች በዓይንዎ መቁጠር ካቃተዎት ለካሜራውም ይከብደዋልና ካሜራውን ወደ ገንዳው ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ሦስት ምስል ይላኩልኝ፤ አንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ እኩለ ቀን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲገባ። ገንዳው ባዶ ሆኖ የተነሳ ይሁን።