ዛላምበሳ ለምን ተዘጋ? አክስቴንስ እንዴት ላግኛት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። የእናቴ እህት ኤርትራ፣ ሰንዓፈ ናት። መስከረም 2011 የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ሲከፈት በድንበሯ ከተማ በዛላምበሳ፣ በአዲግራት አድርጋ እኛ ቤት ድረስ መጣች። እሷና እናቴ ከ1990 ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም ነበር። ለገና ልጇን ይዛ ልትመለስ ተቀጣጥረን መንገዱ ተዘጋ። አሁን እናቴ ታማለች፤ የእህቷን ስም ነው የምትጠራው። አንድ ደላላ «በዛላምበሳ አሻግርሻለሁ» ብሎኛል። ልመነው? ያን ያህል እልል የተባለለት በርስ ለምን ተዘጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ከደላላው ልጀምር፤ እባክሽ አትመኚው። በዚያ መስመር የድሮው ጦርነት ፈንጂ ገና ተለቅሞ አላለቀም፤ በሁለቱም በኩል ወታደር አለ፤ እዚያ ብትያዢ ደላላው ስልኩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። የመስከረም 1 ቀን ወታደሩ ተነሳ፣ ሰው ተቃቀፈ፣ በሩ ተከፈተ፤ ደንቡ ግን አብሮ አልተጻፈም። ማን ምን ይዞ ያልፋል፣ ቀረጡ ስንት ነው፣ በየትኛው ገንዘብ ይነገዳል የሚል ነገር አልነበረም። ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ዝም ብሎ ያልፍ ነበር፤ ብርና የኤርትራው ገንዘብ ናቅፋ ደግሞ እዚያው ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ በተስማሙበት ይመነዘር ነበር። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ኤርትራ ኅዳር 1990 ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያ ንግዱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች፤ ግንቦት ላይ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ካቃቃሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ሃያ ዓመት አልፎ ሰላም ሲወርድም ያ ጥያቄ መልስ አላገኘም። ሁለቱ አገሮች የተዋጉባት ባድመም እንዲሁ፤ ለኤርትራ የተወሰነው በ1994 ነው፣ ድንበሩ ግን መሬት ላይ አልተሰመረም። ደግሞ ኤርትራዊ ከአገሩ ለመውጣት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በዛላምበሳ ግን ጠያቂ ስላልነበረ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚያው ወጥቶ ቀረ።

ታኅሣሥ 2011 ላይ የኤርትራ ወታደሮች ፈቃድ አምጡ ማለት ጀመሩ፣ መንገዱም ቆመ። ሚያዝያ ላይ ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ መስመርም፣ የሑመራና የኦምሐጀር መስመርም ተዘጋ። ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ ወጥቶ ያስረዳ አልነበረም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። እንደ አክስትሽ ለበዓል የተቀጣጠሩ ስንት ሰዎች ኬላ ደርሰው ነው መዘጋቱን የሰሙት! ከዚያ የጥቅምት 2013ቱ የትግራይ ጦርነት መጣ።

ሰኔ 2017 የአካባቢው ነዋሪዎች በራሳቸው ጥረት ዛላምበሳ ላይ ተገናኝተው ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመው የከፈቱት መንገድ ስላልሆነ ከለገጣፎ ተነስተሽ የምትተማመኚበት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የአስመራ በረራውን ከነሐሴ 2016 መጨረሻ ጀምሮ አቁሟል። አቅሙ ያለው በሦስተኛ አገር፣ በካይሮ ወይም በዱባይ ዞሮ ይሄዳል፤ ውድ ነው፣ የመተላለፊያ ቪዛም ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ማድረግ የምትችዪው ቀይ መስቀል ጋ መሄድ ነው። የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ አላቸው፤ ድንበሩ ዝግ በነበረበት ዘመንም የሁለቱን አገር ቤተሰቦች ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። የአክስትሽን ስም እስከ አያት፣ የመጨረሻ አድራሻዋንና አካባቢው ሰው የሚያውቃት በማን ስም እንደሆነ ጽፈሽ ሂጂ። የእናትሽንም ቃል እሳቸው እያሉሽ አሁኑኑ ጻፊው።