ብርቱካናማው ስኳር ድንች «ዘረ-መሉ የተቀየረ» ነው?

ጥያቄ፦ ከወላይታ ዞን ዳሞት ጋሌ ወረዳ ነው የምጽፈው። ጓሮዬ ላይ ለዓመታት የተከልኩት አዋሳ 83 የሚባለውን ነጭ የስኳር ድንች ዝርያ ነው። ዘንድሮ የልማት ሠራተኛዋ ውስጡ እንደ ካሮት የቀላ ስኳር ድንች ሐረግ አመጣችልን። ባለቤቴ «ለልጆቹ ዓይን ጥሩ ነው» ብላ ደስ ብሏታል። ጎረቤታችን ግን «ስኳር ድንች መቼ ቀልቶ ያውቃል? በላብራቶሪ የተቀየረ ነው፤ ሰው ያመክናል፣ መሬቱንም ያበላሻል» አሉን። ቀቅለን ስንቀምሰው ደግሞ ውሃ ይበዛዋል። ልትከለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ይትከሉት። ነጩን ግን አይንቀሉ፤ ከጎኑ ያድርጉት። ጎረቤትዎም የሰሙት ነገር አሳስቧቸው ስለሆነ በደንብ የተብራራ መልስ ይገባቸዋል።

በእጅዎ ባለው ሐረግ ላይ ማንም ባዕድ ዘረ-መል አላስገባበትም። በአገራችን ለገበሬው የተለቀቁት ብርቱካናማ ዝርያዎች፣ ኩልፎም ቱላም ጉንቱቴም፣ ኋላ ከሐዋሳ የወጡት አላሙራና ዲላም፣ የተገኙት በማዳቀልና በመምረጥ ነው። እርስዎ ለዘር የሚሆነውን የበቆሎ ራስ ከክምሩ ለይተው እንደሚያስቀምጡት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ተመራማሪው በሺህ ከሚቆጠር ችግኝ መሐል መምረጡና ለዓመታት እየለካ መከታተሉ ነው። ቀለሙም አዲስ አይደለም። የስኳር ድንች የትውልድ አገሩ ላቲን አሜሪካ ነው፤ እዚያ ነጩም፣ ቢጫውም፣ ብርቱካናማውም፣ ወይን ጠጁም ከጥንት ጀምሮ አለ። እኛ ነጩን ስለለመድን ነው ሌላው እንግዳ የሚሆንብን።

የሚያቀላው ቤታ ካሮቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ካሮትንም ዱባንም የሚያቀላው እሱ ነው። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የሚለውጠው ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ በመብላት ብዛት አይመርዝም፤ ቢበዛ ቢበዛ የመዳፍ ቆዳ ቢጫ ቢመስል ነው፣ እሱም ሲተዉት ይጠፋል። ማምከን የሚባለው ፈጽሞ መሠረት የለውም። መሬቱንም ከነጩ የተለየ የሚያደርገው ነገር የለም።

ጎረቤትዎ የሰሙት ነገር ግን ከየትም የመጣ አይደለም። ልውጠ ሕያው የሚባል፣ ማለትም የሰብልን ዘረ-መል በላብራቶሪ የመቀየር ሥራ በዓለም ላይ በእርግጥ አለ፤ ስታርች (ዱቄታማው ንጥረ ነገር) በሚበዛባቸው ሰብሎችም ላይ ተሠርቷል። ትልቁ ምሳሌ «ወርቃማው ሩዝ» ነው። የሩዝ ፍሬ ከተፈተገ በኋላ ቤታ ካሮቲን የለውም፤ በፍሬው ውስጥ ካሮቲን ያለው ሩዝ ስላልተገኘ በማዳቀል ማምጣት አልተቻለም። ስለዚህ የስዊዘርላንዱ ኢንጎ ፖትሪኩስና የጀርመኑ ፒተር ባየር እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ባደረጉት ሥራ ከአንድ አበባና ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ዘረ-መል ወስደው ሩዝ ውስጥ አስገቡ። በ2005 የአበባው ዘረ-መል በበቆሎ ዘረ-መል ሲተካ የካሮቲኑ መጠን ከ20 እጥፍ በላይ ጨመረ። ፊሊፒንስ በ2021 ገበሬው እንዲያመርተው ፈቀደች፤ በ2024 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው። ድንች ላይም ተሠርቷል። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተፈቀደ አንድ ድንች ነበር፤ ከስታርች ሁለት ዓይነቶች አንዱ እንዳይኖረው ተደርጎ ለወረቀት ፋብሪካ የታሰበ እንጂ ለገበታ አልነበረም፣ ገበያ ስላጣም ቀረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሲጠበስ አክሪላማይድ የተባለውን ጎጂ ነገር እንዳያበዛ የተሠራ ድንች በ2014 ተፈቅዷል።

እነዚህን የዘረዘርኩት ላስፈራዎት ብዬ አይደለም። እኔ የዚህ ሥራ ጠላት አይደለሁም፤ ዘር ሲመጣልኝ የምጠይቀው ምኑ ተቀየረ፣ ለምን ተቀየረ፣ ማን መረመረው ብዬ ነው። በማዳቀል የሚገኝ ነገር ካለ ግን መጀመሪያ እሱን እመርጣለሁ፤ ገበሬው ሐረጉን ራሱ አባዝቶ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ሩዝ ላይ መንገዱ ዝግ ነበር፣ ስኳር ድንች ላይ ክፍት ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ ብርቱካናማውን የተመገቡ ሕፃናት የቫይታሚን ኤ መጠናቸው መሻሻሉ ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል፤ ለዚህ ሥራ ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ሙዋንጋ፣ ጃን ሎው እና ሆዋርዝ ቡዊስ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአገራችንም ልውጠ ሕያው ያለ ፈቃድ አይገባም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት በ2010 ዓ.ም. የተፈቀደው ጓይ ትል የሚቋቋም ጥጥ ነው፤ ስኳር ድንች አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጎረቤትዎም ይንገሯቸው። ሳይንቲስቶች ዘረ-መል ወደ ተክል የሚያስገቡበት ዋናው መሣሪያ አግሮባክቴሪየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ከተለያየ ዓለም የተሰበሰቡ 291 የሚመረቱ የስኳር ድንች ናሙናዎችን ሲመረምሩ የዚህን ባክቴሪያ ዘረ-መል በሁሉም ውስጥ አገኙት። ማንም ሰው አላስገባውም፤ ከጥንት ጀምሮ ተፈጥሮ ራሷ ያደረገችው ነው። ሰው ደግሞ ሳያውቀው ሲመገበው ኖሯል።

አሁን ወደ ውሃው ጉዳይ። ይህ ቅሬታ ትክክል ነው፣ ሊሸፋፈንም አይገባም። አዋሳ 83ን ሲሰብሩት ደረቅ ብሎ ይፈረካከሳል፤ ኩልፎ ግን ለስለስ ብሎ ይላላል። ምክንያቱ በስኳር ድንች ውስጥ ካሮቲን የሚያበዛውና ስታርች ላይ የሚሠራው ዘረ-መል እጅግ ተቀራርበው ስለሚገኙ ነው፤ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ይቀንሳል። አርቢዎቹ ሁለቱን ለማለያየት ብዙ ደክመዋል፣ እየተሻሻለም ነው። ልማት ሠራተኛዋን አላሙራ ወይም ዲላ እንዳለ ይጠይቋት። እስከዚያው በውሃ መዘፍዘፉን ይተዉና ከነልጣጩ በትንሽ ውሃ፣ ድስቱን ከድነው በእንፋሎት ያብስሉት፤ ወይም ፍም ውስጥ ይቅበሩት። አንድ ቤት ስሄድ እናትየዋ ነጩንና ብርቱካናማውን አንድ ላይ ፍም ውስጥ ከተው አወጡልን። ልጆቹ ቀዩን ተሻምተው ጨረሱ፤ አባትየው ነጩን በቡና በሉ። ሁለቱንም ይትከሉ የምልዎት ለዚህ ነው።

ለትንሽ ልጅ 125 ግራም የሚሆን የበሰለ፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ራስ፣ የቀኑን ቫይታሚን ኤ ይሞላለታል። ካሮቲን የሚዋጠው ከቅባት ጋር ስለሆነ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ፈጭተው መስጠት ይቻላል። ፀሐይ ላይ አስጥተው ለብዙ ጊዜ ቢያስቀምጡት ካሮቲኑ ይጠፋልና ትኩሱን ይብሉ። ጀምበር ስትገባ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ልጅ ካለ ግን ያ ዳፍንት ነው፤ በስኳር ድንች ብቻ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ጤና ኬላ ይውሰዱት።

ሲተክሉ ከሐረጉ ጫፍ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ አንድ ቀን ጥላ ሥር ጠውለግ አድርገው፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ያልብሱት። በመደብና በመደብ መካከል 60፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቅጠሉ የተጠቀለለ፣ ዥንጉርጉር ያለ ወይም ቀጭጮ የቀረ ካዩ ቫይረስ ነው፤ ከዚያ ላይ ሐረግ አይውሰዱ፣ ነቅለው ያስወግዱት። ብርቱካናማዎቹ ለቫይረስ ከነጩ ይልቅ ደካማ ናቸው፣ ብዙ ገበሬ በሦስተኛው ዓመት «ዘሩ ሞተብኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

በበጋ ሐረጉ እንዳይጠፋብዎት ደግሞ ሲቆፍሩ ነቀዝ ያልበሳውን፣ ያልተጎዳውን መካከለኛ ራስ ይለዩ። ሳፋ ወይም ጉድጓድ ውስጥ የቀዘቀዘ ደረቅ አሸዋ ያንጥፉ፣ ራሶቹን ሳይነካኩ ደርድረው በአሸዋ ይሸፍኑ፣ ሌላ ድርብ ይጨምሩ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ያስቀምጡት፤ በየወሩ እያዩ የበሰበሰውን ያውጡ። የበልግ ዝናብ ከመግባቱ 6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ጓሮ መደብ ላይ ተክለው ውሃ ያጠጡት፤ ዝናቡ ሲመጣ የራስዎ ንጹሕ ሐረግ ይጠብቅዎታል፣ ለጎረቤትዎም የሚቆርጡላቸው ይተርፋል።