መልስ፦ የብረት እንክብል፣ ቡና እና ጾም በእርግዝና ወቅት

ጠያቂያችን፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር መሆንዎን፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠዎትን የብረት እንክብል ጠዋት ጠዋት ከቡና ጋር እንደሚወስዱ እና ዐቢይ ጾምን ለመጾም እንዳሰቡ ገልጸው ምክር ጠይቀዋል።

በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት የእንክብሉ ሰዓት ነው። ቡናም ሆነ ሻይ ብረት ወደ ደም በሚገባ እንዳይገባ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው፣ አቦል ሊቀዳ ሲል የተዋጠ እንክብል ብዙም ሳይጠቅም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቀው በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት። የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ሰገራዎ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ ድርቀቱን ደግሞ ውኃ፣ ጎመን እና የእግር ጉዞ ያቃልሉታል።

ቡናን ጨርሶ መተው ግዴታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ ጠዋትም ማታም እስከ በረካ በሚጠጣበት ቤት ደግሞ (የጎረቤት ጥሪ ሳይቆጠር) ሳይታወቅ ከዚህ መጠን በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

ጾሙን በተመለከተ ለነፍሰ ጡር ፈቃድ ስለሚሰጥ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብና ውኃ መቆየቱ ነው። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ሽሮና ምስር ስለማይተኩት፣ ለመጾም ከወሰኑ ይህንን ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።