ሙከራው ላይ የሰሩ ቆጣሪዎች ሲበዙ ለምን ዝም ይላሉ?

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ድርጅት ውስጥ የኮሙኒኬሽን ቴክኒሻን ነኝ። ስማርት ቆጣሪዎችን በገመድ አልባ ሜሽ ኔትወርክ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን መልዕክት በሚያቀብልበት፣ እያገናኘን ነው። በሙከራው ጊዜ በአንድ ሰብሳቢ (የቆጣሪዎችን ንባብ ተቀብሎ ወደ ማዕከል የሚልክ መሳሪያ) ስር 300 ቆጣሪ አስገብተን ሁሉም ንባቡን ያለ ችግር ላከ። አሁን 2000 ደርሰናል። ቆጣሪዎቹ በየ4 ሰዓቱ እንዲልኩ ተደርገዋል፤ በየዙሩ ግን ብዙዎቹ ይቀራሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቆጣሪዎቹ መላክ ያለባቸው የመጨረሻ መልዕክት ከጥቂቶች በቀር አይደርሰንም። አቅራቢው ሪፒተር (የሰማውን መልዕክት ደግሞ የሚልክ መሳሪያ) ጨምሩ ይላል። አለቆቻችን የፊደር (የማከፋፈያ መስመር) ሪክሎዘሮችንም፣ ብልሽት ሲኖር መስመሩን ቆርጠው መልሰው የሚያገናኙትን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ እዚሁ ኔትወርክ ላይ ማስገባት ይፈልጋሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሪፒተሩን ለጊዜው ይተዉት። ችግሩ ሌላ ከሆነ ሪፒተር ነገሩን ያባብሰዋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ መዝገቡን ይክፈቱ። የአንድ ሳምንት የቀሩ ቆጣሪዎችን ዝርዝር ያውጡ። በየዙሩ የሚቀሩት እነዚያው ከሆኑ ችግሩ ሲግናል ነው። ዛሬ እነዚህ፣ ነገ ሌሎች እየሆኑ የሚፈራረቁ ከሆነ ግን ሲግናሉ ደህና ነው፤ የተጨናነቀው ቻናሉ ነው። ማረጋገጥ ይፈልጋሉ? ከቀሩት ጥቂቱን ይምረጡና በሁለት ዙር መካከል፣ ጭር ባለ ሰዓት፣ ከማዕከል ንባብ ይጠይቋቸው። ቶሎ ከመለሱ አንቴናም ሪፒተርም አያስፈልጋቸውም።

ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት፣ የአብዛኞቹ ችግር መጨናነቅ ነው። እስቲ ሂሳቡን እንስራው። አንድ ንባብ 100 ባይት ነው እንበል። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ቆጣሪ በ4 ሰዓት 16 ንባብ ያጠራቅማል። ይህ 1600 ባይት ነው፤ ለ2000 ቆጣሪ 3.2 ሜጋባይት ይሆናል። ቻናሉ በሰከንድ 50 ኪሎቢት የሚያሳልፍ ከሆነ 512 ሰከንድ ይፈጃል። ይሄ እንግዲህ እያንዳንዱ መልዕክት አንዴ ብቻ ቢላክ ነው። በሜሽ ግን መልዕክቱ ከቆጣሪ ወደ ቆጣሪ እየተቀባበለ ነው ሰብሳቢው ጋ የሚደርሰው። በአማካይ 4 ጊዜ ከተላለፈና ሁሉም አንድ ቻናል ከተጋሩ 34 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ያውም ማንም ከማንም ሳይጋጭ፣ የማረጋገጫ መልዕክቱም ሳይቆጠር። በ300 ቆጣሪ ይሄው ስራ 5 ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ሙከራው ያማረው ለዚህ ነው።

ግጭቱ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ሁሉም ሳያዳምጥ በፈለገው ጊዜ የሚልክበት ቻናል ቢበዛ ከአቅሙ 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰራው። የእናንተ ራዲዮዎች ምናልባት አዳምጠው ነው የሚልኩት፤ እሱ ይሻላል። ግን ሁለት ቆጣሪዎች አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ሁለቱም ለአንድ ሶስተኛ ሊናገሩ ይችላሉ። ያኔ ማዳመጡ ዋጋ የለውም። ቻናል የሚቀያይር ሲስተም ካላችሁ ጭንቅንቁ ይቀላል፤ ሰብሳቢው ያለው አንድ ራዲዮ ብቻ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህንኑ ዳታ በቀን አማካይ ካሰሉት በሰከንድ 2 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚያዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ ኔትወርክ ግን በአማካይ አይታቀድም። የሚታቀደው በቀኑ ውስጥ ለሚመጣው ክፉ ሩብ ሰዓት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ይበትኑት። ሁሉም ቆጣሪ ሰዓቱ ልክ ሲሞላ እንዲልክ ተደርጎ ከሆነ፣ በ4 ሰዓቱ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱ ተራ እንዲኖረው ያድርጉ። ይሄ የሴቲንግ ለውጥ እንጂ ዕቃ መግዛት አይደለም። ካልበቃ ሁለተኛ ሰብሳቢ ይጨምሩ። ሪፒተር ያንኑ መልዕክት በዚያው ቻናል ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ ይልከዋል፤ ጭነት ይጨምራል። ሰብሳቢ ግን ቆጣሪውንም መንገዱንም ለሁለት ይከፍለዋል። የሚተከልበትን ቦታ ሲመርጡ ከፍታን ብቻ አይዩ። ብዙ ቆጣሪዎች በቀጥታ የሚያገኙት ቦታ ይሻላል፤ አለዚያ ከጎኑ ያሉት ሶስት አራት ቆጣሪዎች የሰፈሩን ሁሉ ሸክም ይሸከማሉ። እያንዳንዱ ቆጣሪም ቢያንስ ሁለት የተለያየ መውጫ መንገድ ይኑረው።

በየዙሩ የሚቀሩት እነዚያው የሆኑ ቆጣሪዎች ደግሞ የሲግናል ሂሳብ ይፈልጋሉ። ቆጣሪው በ20 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ይልካል፣ የሰብሳቢው አንቴና 5 ይጨምራል፣ ኬብሉ 2 ይበላል፣ ተቀባዩ እስከ -105 ዲቢኤም ይሰማል እንበል። እንግዲህ ሲግናሉ በመንገድ ላይ እንዲያጣ የሚፈቀድለት 128 ዴሲቤል ነው። በ900 ሜጋኸርዝ 500 ሜትር ክፍት አየር 85.5 ይወስዳል። ለግድግዳና ለህንፃ 20፣ ቆጣሪው ለተዘጋበት የብረት ሳጥን 15 ይቀንሱ። የቀረዎት 7.5 ዴሲቤል ነው። ይሄ ዛሬ ይሰራል፤ ነገ መኪና ፊቱ ሲቆም ይጠፋል። እኔ ከ10 በታች መጠባበቂያ ይዤ ቆጣሪ አልተክልም። ለእነዚህ መፍትሄው አንቴናውን ከሳጥኑ ውጭ ማውጣት ነው፤ ሪፒተርም ቦታ ካለው እዚህ ነው።

አሁን ወደ መብራት መጥፋቱ። እውነቱን ለመናገር ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ቆጣሪው መብራት ሲጠፋ በውስጡ ባለ ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ለአጭር ጊዜ ነቅቶ አንድ የመጨረሻ መልዕክት ይልካል። በሜሽ ግን መልዕክቱን የሚያቀብሉት ጎረቤቶችም በዚያው ቅጽበት ነው መብራት ያጡት። ሁሉም በአንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። የሚደርሰው ከሰብሳቢው አጠገብ ያሉት ብቻ ነው። ሰብሳቢውም ከዚያው ፊደር የሚመገብና ባትሪ የሌለው ከሆነ እነሱም አይሰሙም። ከሰብሳቢው ወደ ማዕከል የሚወስደውን የጀርባ መስመርም ይፈትሹ፤ የሞባይል ማማው ባትሪ ካለቀ የእናንተ ባትሪ ብቻውን አይረባም።

ደግነቱ 2000ውንም መስማት አያስፈልግም። የትኛው ትራንስፎርመር እንደጠፋ ለማወቅ ከያንዳንዱ ሁለት ሶስት ቆጣሪ ከተሰማ ይበቃል። ስለዚህ የጥቂት ሪፒተሮችን ወጪ ባትሪ ላላቸው ያውሉት፤ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር በአንዱ እንዲሸፈን አድርገው ያስቀምጧቸው። የመጨረሻው መልዕክት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በዘፈቀደ ተበትኖ እንዲላክ ያድርጉ፤ መዘግየቱ ግን ካፓሲተሩ ከሚቆይበት ጊዜ እንዳያልፍ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ወደ ኔትወርኩ ልግባ ይላል። እሱንም ይበትኑት።

የሪክሎዘሩን ነገር ለሁለት ከፍለው ለአለቆችዎ ያስረዱ። በመሳሪያዎች መካከል የሚሄድ የጥበቃ ትዕዛዝ፣ አይኢሲ 61850 በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮሙኒኬሽን ደረጃ ፈጣኑ ምድብ፣ 3 ሚሊሰከንድ ነው የሚፈቀድለት። የቆጣሪ ሜሽ እዚያ አይደርስም፤ ክርክር የለውም። ከማዕከል ክፈት ዝጋ ማለት ሰከንዶችን ሊታገስ ይችላል። እሱንም ቢሆን ከቆጣሪ ጋር አላጋራውም፤ በጣም የሚፈለገው ልክ ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ነውና። የተለየ የራዲዮ መስመር ወይም ሁለት ሲም ያለው ሞደም ይስጡት። ራዲዮ ከመረጡ ማማ ለማማ መተያየቱ ብቻ አይበቃም። በ900 ሜጋኸርዝ 5 ኪሎሜትር ላይ፣ መሃል መንገድ ላይ ከእይታው መስመር ወደ 12 ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ያስፈልጋል። ዛፍ ካለ የሚያድገውንም ያስቡ።

የቆጣሪም ሆነ የሪክሎዘር ሞደም ሲገዙ ከመሳሪያው ተነጥሎ የሚቀየር ይሁን። ቆጣሪ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የሞባይል ትውልድ ግን ያን ያህል እንደማይጠብቅ በብዙ አገር እየተዘጉ ያሉት የ2ጂና የ3ጂ ኔትወርኮች ያሳያሉ።

ሌላ ቆጣሪ ከመጨመርዎ በፊት፣ ለጥገና የሚዘጋ ፊደር ሲኖር ከኦፕሬሽን ክፍሉ ጋር ተነጋግረው ማዕከል ይቀመጡ። ሲዘጋ ከየትኛው ትራንስፎርመር ድምፅ እንደመጣ፣ ሲበራ ደግሞ የመጨረሻው ቆጣሪ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይመዝግቡ። ያንን ቁጥር ይዘው ቢጽፉልኝ የባትሪ ሪፒተሮቹን ብዛትና ቦታ አብረን እናሰላለን።