የትኛው ከየትኛው ይቀነሳል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን እኩልታዎች በማስወገድ ዘዴ ስናሰላ «የመጀመሪያው እኩልታን ከሁለተኛው ቀንሱ» ስላቸው ብዙዎቹ ገልብጠው ይሠራሉ። «ሁለቱን አቀናንሱ» ብላቸው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ አስቀድሜ ትንሿን ነገር ላንሳ። ስም ገላጭ ሲቀድመው የተሳቢው «ን» በገላጩ ላይ ስለሚለጠፍ የሚባለው «የመጀመሪያውን እኩልታ» ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ በአማርኛ ተቀናሹን የሚለየው «ን»፣ የሚቀነስበትን ደግሞ የሚለየው «ከ» ስለሆነ ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡም ትርጉሙ አይለወጥም። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። «5ን ከ8 ቀንስ» ስንል ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው 5ን ሲሆን፣ እጅ ግን ቀድሞ መጻፍ ያለበት 8ን ነው፤ በመሆኑም በሰማው ቅደም ተከተል የሚጽፍ ተማሪ መገልበጡ አይቀርም። ስለዚህ «ከሁለተኛው እኩልታ የመጀመሪያውን ቀንሱ» ቢሉ ንግግሩና ጽሑፉ አንድ መንገድ ይይዛሉ።

በጣና ዳር የዓሣ ገበያ ምሳሌ እንየው። የአንዱን ቆሮሶ ዋጋ «ቆ»፣ የአንዱን አምባዛ ዋጋ «አ» እንበል፤ ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው።

3ቆ + 2አ = 950
3ቆ + 5አ = 1700

ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ስንቀንስ ቆሮሶው ይወገድና 3አ = 750 ይቀራል፤ አምባዛው 250 ብር፣ ይህን መልሰን ስንተካ ቆሮሶው 150 ብር ይሆናል። ገልብጦ የቀነሰ ተማሪም −3አ = −750 ስለሚያገኝ መልሱ ያው ነው፤ መገልበጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ግራውን በአንድ አቅጣጫ፣ ቀኙን በሌላ አቅጣጫ ቀንሶ 3አ = −750 ብሎ ሲጽፍ ነው፤ ያን ጊዜ ዓሣ አስጋሪው አምባዛውን ሰጥቶ 250 ብር ይመርቃል ማለት ነው።

«አቀናንሱ» የሚለውን እኔ አልመርጠውም። መደመር አቅጣጫ ስለሌለው «ሁለቱን ደምሩ» ሙሉ ትእዛዝ ነው፤ «አቀናንሱ» ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ ይደብቃል፤ ተማሪው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በአንድ አባባል መገላገል ከፈለጉ «የመጀመሪያውን እኩልታ በ−1 አባዝታችሁ ከሁለተኛው ጋር ደምሩ» ይበሉ።

እግረ መንገዴን፣ ማባዛት «በ»ን፣ ማካፈል ደግሞ በተለመደው የትምህርት ቤት አነጋገር «ለ»ን ያስከትላል፤ 250ን በ3 እናባዛለን፣ 750ን ለ3 እናካፍላለን። ላልታወቁት ቁጥሮች ፊደል ሲመርጡም «ለ»ን ቢተዉት ይሻላል፤ «ለ3» ማካፈያ ይሁን ብዜት ሰሌዳ ላይ ሲታይ አይለይም።